የፋብሪካችን መዳን ስላደረሰብኝ ጉዳት

ይድረስ ለተከበሩ የመለዋወጫ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጩ ለዳይሬክተሮች ቦርድ፣ ለመላው ባለአክሲዮኖች፣ እንዲሁም የፋብሪካው በር ላይ ተለጥፎ ሲያይ ቆሞ ለሚያነበው መንገደኛ ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎ የጸና፣ የደም ግፊትዎም እንደ ፋብሪካችን ሽያጭ ወደ ላይ የማይወጣ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔስ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ እርስዎ አሉብኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን በግል ብልክልዎ በትሕትና ያነቡታል፣ በትሕትናም ይመልሱልኛል፤ ከዚያ እዚያው ፋብሪካ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ስለ ትሕትናዎ አንድ ሳምንት ሙሉ ታወራልኛለች። ይህን መሸከም ስለማልችል በአደባባይ መጻፍን መርጫለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። በወጣትነቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ ዛሬ ከጋራዦቹ መንደር መግቢያ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ የተማርኩት ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ሱቄ ባንኮኒ ላይ፣ ራሴን በራሴ እያስተማርኩ ነው። ሾፌሮች፣ መካኒኮችና ዕቃ ሻጮች ተሰብስበን፣ ከውጭ የሚመጣውን ጎሚኒ ደጅ መጥናት ሰልችቶን፣ ያቅማችንን አክሲዮን ገዝተን ይህን ፋብሪካ ስናቋቁም እኔም አንዱ ነበርኩ። ጎሚኒ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ብረትና ብረት እንዳይፋጩ መሃላቸው የሚገባ የጎማ ቀለበት ነው፤ እሱ ሲሰነጠቅ መኪናው እንደ አሮጌ የብረት አልጋ ይንቋቋል። ፋብሪካችን ጎሚኒ፣ የፍሬን ሸራና ባሌስትራ ይሠራል፤ ለብዙ ዓመታት ግን ከሦስቱም በላይ በብዛት ሲያመርት የኖረው ኪሳራ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ንግግሬን ሁልጊዜ «ግን» ብዬ ስለምጀምር ባለአክሲዮኖቹ «ጋሼ ግን» ይሉኛል። ስሙ አያስከፋኝም፤ እንዲያውም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከቦርዱ ሰብሳቢ ስም ይልቅ ይታወቅ ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

አሁን በክቡርነትዎ ፈቃድ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ጠረጴዛው።

በዚህ ፋብሪካ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ባለአክሲዮኑ ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ባዶ እጁን አይመጣም። ዓመቱን ሙሉ መኪናው ላይ ወይም ጋራዡ ውስጥ የተሰበረችበትን የፋብሪካችንን ዕቃ በፌስታል ቋጥሮ ይመጣና ከቦርዱ ፊት በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋታል። ሌላ አክሲዮን ማኅበር እንዲህ ያደርግ እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ግን የገዛ ኪሳራችንን ተሸክመን መጥተን፣ ቆልለን፣ ዙሪያውን ቆመን ስንስቅበት ኖረናል። ክምሩ ሲሞላ እኔ እነሳለሁ። አንዱን የተሰነጠቀ ጎሚኒ አንስቼ «ግን…» ስል፣ ገና ምንም ሳልናገር አዳራሹ ይስቃል። አንዱን ለቦርዱ ሰብሳቢ እንደ ጋብቻ ቀለበት ጣታቸው ላይ ለክቼላቸው አውቃለሁ፤ ሁለቱን እንደ መነጽር ዓይኔ ላይ ይዤ የኦዲት ሪፖርቱን አንብቤ አውቃለሁ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጆች በዚያች ሰዓት ላባቸውን ይጠርጉ ነበር። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ በሥነ ሥርዓት ይፈሩኝ ነበር። የበሽታውን ምክንያትም ሳልታክት ስነግራቸው ኖሬአለሁ፦ ጥሬ ጎማው ርካሽ ነው፣ ችግሩ ከግዢ ክፍል ነው እያልኩ። ለዚህ ማስረጃ አልነበረኝም፤ ጭብጨባ ግን ነበረኝ።

እርስዎ መጡ። ያውም ከብስኩት ፋብሪካ መጡ። ቦርዱ መኪና የሚያውቅ ሰው ጠፍቶበት ብስኩት የሚያውቅ ሰው ቀጠረ ሲባል የሰማሁ ዕለት፣ አልዋሽዎትም፣ ከደስታዬ ብዛት ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ስለ እርስዎ ያሰናዳኋቸው የሻይና የብስኩት ቀልዶች ለሁለት ጉባኤ የሚተርፉ ነበሩ። ከመካከላቸው የመጀመሪያውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፣ እኔ ቆሜ እየተናገርኩ፣ እርስዎ ከመድረኩ ወርደው፣ ኮትዎን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቅለው፣ ያንን ስብርባሪ አንድ በአንድ እያነሱ ይደረድሩ ጀመር። እያንዳንዷ ጎሚኒ በመጋገሪያው ማሽን ውስጥ የተጋገረችበትን የቅርጽ ማውጫ ጉድጓድ ቁጥር ጎኗ ላይ ይዛ ትወጣለች። ይህን ሁላችንም ስናውቅ ኖረናል፤ ዘርግፈን ከመሳቅ በስተቀር ቁጥሩን አይቶ መደርደር ግን ለአንዳችንም ትዝ ብሎን አያውቅም። እርስዎ እያንዳንዷን በተጋገረችበት ቦታ አንጻር፣ ልክ ብስኩት በትሪ ላይ እንደሚሰለፈው አድርገው አስቀመጧቸው። አዳራሹ መጀመሪያ እኔን ያይ ነበር፤ ቀጥሎ እኔንና እርስዎን አፈራርቆ አየ፤ በመጨረሻ እርስዎን ብቻ አየ። ድርድሩ ሲያልቅ መሃሉ ባዶ ነበር። የተሰበሩት ሁሉ በአራቱ ማዕዘን ተሰብስበዋል።

ያኔ ድምፅዎን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «ማዕዘን ላይ ያሉት አልበሰሉም» አሉ። «እሳቱ እኩል አይደርሳቸውም።»

በቃ። እኔ ዓመታት የደከምኩበትን ጉዳይ እርስዎ በዚህች ጨረሱት፤ አንዲት ቀልድ እንኳ የለባትም። አዳራሹም አልሳቀልዎትም፤ ከዚያ የባሰ ነገር አደረገ፤ ዝም አለ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚያ አዳራሽ ብዙ ሳቅ አግኝቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ግን አንድም ቀን ተሰጥቶኝ አያውቅም። በእጄ የቀረችውን ጎሚኒ ይዤ እንደ ቆምኩ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት ባለአክሲዮን ተነሥተው፣ ቀስ ብለው ከእጄ ወስደው፣ ቁጥሯን አይተው በቦታዋ አኖሯት። የማዕዘን ነበረች።

ለዚህ ትምህርትዎ የማመሰግንበት ቃል ጠፍቶኛል፤ ያገኘኋቸው ቃላት ደግሞ በአደባባይ የሚጻፉ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ስለ እህቴ ልጅ።

የጥራት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊዋ የእህቴ ልጅ መሆኗን እርስዎም ያውቃሉ፤ ይህን ያህል የሚያመሰግኗትም በሥራዋ እንጂ በእኔ እንዳልሆነ እረዳለሁ። ይህች ልጅ ቡሎን ከቡሎን በጣቷ ዳስሳ መለየት የተማረችው ሱቄ ውስጥ፣ ከባንኮኒዬ ሥር ተቀምጣ ነው። ኢንጂነር ሆና ከተመረቀች በኋላ እንኳ የሆነ ነገር ሲያጠራጥራት ወደ እኔ ነበር የምትደውለው። እሁድ እሁድ ቤታችን እራት ስትመጣ የቀድሞ ሥራ አስኪያጆችን አነጋገር እሷ ትቀዳለች፣ እኔ አራግባለሁ፣ ባለቤቴ «ተዉ፣ ሰው ይሰማል» እያለች ከማንም በላይ ትስቃለች። ደስ የሚል ቤት ነበረን።

አሁን ያ ጠረጴዛ ከአዳራሹ ወጥቶ፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ ከመጋገሪያዎቹ አጠገብ ተተክሏል። መካኒኮች በየሳምንቱ የተሰበረባቸውን ይዘው ይገባሉ፤ የእህቴ ልጅ ጓንቷን አጥልቃ ትደረድራለች፤ እርስዎም ኮትዎን እየሰቀሉ አጠገቧ ይቆማሉ አሉ። ይህን ሁሉ የምሰማው ወሬ እየለቃቀምኩ አይደለም፤ በገዛ ገበታዬ ላይ፣ ጉርሻዬ አፌ ሳይደርስ ነው። የልጅቱ ዓረፍተ ነገር ሁሉ «ሥራ አስኪያጃችን እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል። ባለፈው ደግሞ ባለቤቴ፣ ከተጋባን ጀምሮ ስለ ጎሚኒ አንዲት ጥያቄ ጠይቃኝ የማታውቅ ሴት፣ እናትዎ ጉንፋናቸው ተሽሏቸው እንደሆነ ልጅቱን ጠየቀቻት። እናትዎን ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር እኔ አልሰማሁም ነበር። ምሕረቱን ያውርድላቸው። ነገር ግን በቤቴ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ጉንፋን የሚጠየቅበት ጊዜ ከመጣ፣ እኔ በዚያ ቤት ምን እንደሆንኩ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ልጅቱ አንድ ቀን መጥቼ ብተዋወቅዎ እንደምወድዎ ነግራኛለች። ከዚህ የከፋ ዛቻ ደርሶብኝ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎሚኒው አለመሰንጠቅ።

ይህን አቤቱታ ለማቅረብ ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበርና ፍለጋ ወጣሁ። ከራሴ ሱቅ፣ ከራሴ መደርደሪያ፣ ፋብሪካችን እርስዎ ከመጡ በኋላ የጋገራቸውን ጎሚኒዎች አንስቼ በአሮጌዋ ፒክ አፔ ላይ አስገጠምኩ። ከዚያ እስኪያቃስታት ድረስ አሸዋ ጭኜባት ወደ ድንጋይ መፍጫው የሚወስደውን መንገድ ተያያዝኩት። ያ መንገድ መንገድ የሚባለው በትሕትና ነው። ጉድጓድ ሳገኝ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ድንጋይ ሳይ አልዞርኩለትም። ጆሮዬን ወደ ጎማዎቹ ጥዬ፣ ያቺን የምወዳትን ንቋቋታ፣ ለንግግሬ መክፈቻ የምትሆነኝን፣ ደጋግሜ ስጠብቅ ቆየሁ። በገዛ ንብረቱ ላይ እንዲህ ክፉ የተመኘ ባለአክሲዮን ከእኔ ሌላ ካለ አስተዋውቁኝ፤ ማኅበር እንመሠርታለን።

የመቀመጫው ሽቦ ተሰበረ። የቀኝ በር መስኮት ወደ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የወገቤን ነገር በጽሑፍ አላነሣውም። ስመለስ መካኒክ ጓደኛዬ መኪናዋ ሥር ገብቶ፣ ባትሪውን አብርቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ድምፁ ከታች መጣልኝ። «ጋሼ ግን፣ መኪናዋስ አርጅታለች፤ ይሄ ጎሚኒ ግን ከእሷ በኋላ ሌላ መኪና ያገባል።»

የመካኒኩን የእጁን ዋጋ ከፍዬ፣ ማንንም ሳላነጋግር ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ማን እንደ ሞተ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም፤ ችግሩም እሱ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ሱቄ ደጃፍ አግዳሚ።

ድሮ መካኒኮቹ ያቺ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የፋብሪካችንን ዕቃ ከእኔ ጋር አምተው፣ የውጪውን ገዝተው ይሄዱ ነበር። አሁን የእኛኑ ይጠይቃሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይሄዳሉ። ገቢዬ ጨምሯል፤ ወሬዬ ግን አልቋል። ይህን ማን ይክሰኛል?

አምስተኛው አቤቱታ ስለ ግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ነበር። እንደ ሌሎቹ በቁጥር ልጽፈው ጀምሬ ተውኩት፤ ምክንያቱም ቀዩን እስክሪብቶዬን ይዤ ውሸትዎን ለመያዝ የተቀመጥኩበት ወረቀት፣ ሳነበው ውዬ፣ ከውሸት ይልቅ ያስጨነቀኝ እውነቱ ሆነ። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀልዱን ለጊዜው ከሰቀሉት ኮትዎ አጠገብ ሰቅዬ፣ እንደ አንድ ገንዘቡን እዚህ ያስቀመጠ ሰው ልናገር።

ተመላሽ ዕቃ እጅግ ቀንሷል፤ ይህ እውነት መሆኑን ወገቤ ይመሰክራል። አንድ ትልቅ የአውቶቡስ ድርጅት ውል ፈርሞልናል፤ ያበደረን ባንክም በየጊዜው የሚገባውን እያገኘ ስለሆነ በር ማንኳኳቱን ትቷል። ግን፤ መቼም ይህን ቃል ሳልጽፍ የምጨርስ አልመሰለዎትም፤ ግን ከመጋገሪያዎቻችን ከሚወጣው ግማሽ የሚያህለውን የሚገዛን ያ አንድ ድርጅት ብቻ ነው፤ ነገ ቅር ቢለው ግማሹ ማሽን ቆሞ ግማሹ ሠራተኛ ጸሐይ ይሞቃል። የፍሬን ሸራው ክፍል ዛሬም ይከስራል፤ በሪፖርትዎ ላይ ስለ እሱ የተጻፈው «በጥናት ላይ ይገኛል» የሚል ብቻ ነው። በጥናት ላይ ያለ ነገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ይህ የታችኛው መንጋጋዬ ጥርስም ለብዙ ጊዜ በጥናት ላይ ነበር። መጋገሪያዎቹም ያረጁ ናቸው፤ እርስዎ እሳታቸውን አስተካከሉ እንጂ ዕድሜያቸውን አልቀነሱም። በሩን ቀለም ስላስቀቡት አመሰግናለሁ፤ ከበሩ በላይ በሰቀሉት የራእይ ሰሌዳ ላይ የተሳለችው መኪና ግን አንዲትም የእኛ ዕቃ የማይገጥምላት የከተማ አውቶሞቢል መሆኗን ማንም ደፍሮ ያልነገረዎት እንደሆነ እነሆ እኔ ነገርኩዎት።

ፍርዴን በአጭሩ ልስጥ፦ በሽተኛው ከአልጋው ወርዷል፤ የሚሄደው ግን ገና ግድግዳውን ተደግፎ ነው። ሊቆም ይችላል። አዲስ መጋገሪያ ካልገባለት ግን ደግሞ ይወድቃል፤ ለዚህም ነው እስከሚቀጥለው ጉባኤ ዋዜማ ድረስ አዲስ አክሲዮን እንድንገዛ የጠየቁን።

በዚያው ጉባኤ ላይ ሌላም ሐሳብ እንደሚቀርብ ያውቃሉ። የከተማው ትልቁ የመለዋወጫ አስመጪ አክሲዮናችንን ጠቅልሎ ልግዛችሁ ብሏል። እርስዎ የማያውቁት፣ ከጉባኤው በፊት እኔን ቢሮው መጥራቱን ነው።

ሄድኩ። ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ ወንበሩ ሰውን ካልተጋገዙ አይለቅም። እንዴት አድርጎ ተቀበለኝ መሰለዎት! ቀልዶቼን አንድ በአንድ በቃሉ ደገመልኝ፤ የቀለበቷን፣ የመነጽሯን ሁሉ። እርስዎ ከመጡ ወዲህ ቀልዶቼን የሚያስታውስ ሰው ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው። ለነባሮቹ ሾፌሮችና መካኒኮች፣ ማናችንም በሕልማችን ያላየነውን ዋጋ እንደሚከፍል ነገረኝ። ከእኔ የሚፈልገው በጉባኤው ላይ ተነሥቼ የለመድኳትን ቃል እንድናገርና ነባሮቹን አስከትዬ እንድመጣ ብቻ ነበር፤ ለዚህም «አማካሪ» የሚል ስምና ከዚያ ወንበር ጋር የሚመሳሰል ሌላ ወንበር አዘጋጅቶልኛል። ፋብሪካውን ምን ያደርገዋል ብዬ ስጠይቀው፣ ጣሪያው ጥሩ ስለሆነ ለመጋዘን ይሆናል አለኝ፤ ማሽኖቹ በብረት ቁርጥራጭ ዋጋ ይሸጣሉ። ይህን የነገረኝ እንደ ምሥራች ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሻዩን ይዤ ያሰብኩትን ልንገርዎ። መጀመሪያ ያሰብኩት እርስዎን ነው። ኮትዎን ከዚያ ወንበር ላይ አንስተው፣ ሳጥንዎን ታቅፈው፣ በአዲስ በተቀባው በር ሲወጡ ታዩኝ። ማየት እንዴት ያለ ጸጋ ነው! ሻዩን በዚያ አጣጣምኩት። ቀጥሎ ግን ከኋላዎ የእህቴ ልጅ ጓንቷን ይዛ ስትወጣ ታየችኝ፤ ምስሉ እዚያ ላይ ተበላሸብኝ።

ሌላም ሰው ነበረችብኝ። አብሮኝ መሪ የጨበጠ ጓደኛዬ ሲሞት ለባለቤቱ የተወላት ይህን አክሲዮን ብቻ ነው። አስመጪው በጠራኝ ሳምንት ሱቄ መጥታ፣ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ፣ ልሽጥ ወይስ ልያዝ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ ብላኝ፣ ውሃ ጠጥታ ሄደች። እሷን እንደ አዳራሹ ማሳቅ አይቻልም፤ ስትሰማኝ የምትስቅ ሳይሆን የምታምን ናትና። ብትሸጥ ዛሬ ደህና ገንዘብ ታገኛለች። ፋብሪካው ደግሞ ቢወድቅ፣ ያዥው ብያት፣ የሚቀራት ቀለሙ ያማረ ወረቀት ነው። ከእርስዎ ጋር ያለኝ ጠብ በእሷ ገንዘብ የሚወራረድ አልነበረም።

አስመጪው ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነገር የሚያውቁ ሰው ነዎት። እንደው ያ ሰውዬ ፋብሪካውን ያድነዋል ብለው ያስባሉ?»

«አያድነውም» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቃሉን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ምላሴ ላይ ነው፤ ምንጣፉም ወንበሩም ይጠብቁታል።

«ያድነዋል» አልኩት። «የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

እሱ ከደነገጠው በላይ እኔ ደነገጥኩ። ታዲያ በየሄዱበት ለምን ያብጠለጥሉታል ብሎ ጠየቀኝ፤ ያ በእኔና በእርስዎ መካከል ያለ ጉዳይ መሆኑን አስረዳሁት። ከዚያ ወንበር ለመነሣት የጸሐፊው እርዳታ አስፈለገኝ፤ እስከ በሩ የሸኘኝም እሱ ነው፤ አስመጪው አልተነሣም።

ስለዚህ ነባር ባለአክሲዮኖች ሁሉ፣ ምን እንደምላችሁ ስትጠብቁ የቆያችሁ፣ ስሙኝ። በጉባኤው ላይ ሽያጩን እቃወማለሁ፤ አዲሱን አክሲዮንም እገዛለሁ። ለጓደኛዬ ባለቤት ያዥው ብያታለሁ፤ አደጋውንም፣ የአውቶቡሱንም የፍሬን ሸራውንም፣ ሳልደብቅ ነግሬአታለሁ። ይህን የማደርገው ሥራ አስኪያጁን ወድጄ አይደለም። አልወደድኳቸውም፤ እንዳልወዳቸውም እየጣርኩ ነው። ጎሚኒውን ስላየሁ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን በማለቴ ከእኔ ዘንድ ሰላም ያገኛሉ ብለው እንዳይዘናጉ። የፍሬን ሸራውን ወይ ያድኑት ወይ ይዝጉት፤ በጥናት አያስታምሙት። ከአውቶቡሱ ሌላ ሁለት ትልልቅ ደንበኞች ይፈልጉልን። ክፉ ወሬ ሲኖር ከሪፖርት ሳይሆን ከአፍዎ እንስማው። ይህን ሁሉ ቢያደርጉ ንግግር የማደርግበት ምክንያት ጨርሶ እንደሚጠፋ፣ በስተርጅናዬ አዳራሽ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው ተቀምጬ የማጨበጭብ ሰው እንደምሆን አውቃለሁ። እንግዲህ እርስዎም ይህን ያህል እንደምከፍል ይወቁልኝ። ከገዛሁት አክሲዮን ሁሉ በጣም የተወደደብኝ ይህ ነው።

ከመሰናበቴ በፊት ላመስግንዎ። ሥራዬን ስላቀለሉልኝ፣ ቀልዴን ስላስረሱልኝ፣ ቤቴን ስላስዋቡልኝ፣ ገበያዬን ስላደመቁልኝ፣ ጸጥታን በጊዜ ስላስተማሩኝ፣ በአጠቃላይ የሚያማርርበት ነገር ጠፍቶት በሚያማርር ሰው ላይ ስላደረሱት መልካም ነገር ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅዎ አይንቀጥቀጥ፤ ዓይንዎ አይድከም፤ ኮትዎንም የሚሰቅሉበት ወንበር አይጥፋ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከዚያም በበለጠ ቅናት፣
የፋብሪካው ነባር ባለአክሲዮን፣ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊዋ አጎት፣
በቀድሞ ዘመን የአዳራሹ ድምቀት የነበርኩት
ጋሼ ግን

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት አዲሱን አክሲዮን ለማስመዝገብ ወደ አክሲዮን ክፍል ሄጄ ነበር። ፊርማዬን እያኖርኩ ሳለ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ስንት አክሲዮን እንዳላቸው ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። ልጅቱ እፍረት ይዟት ወደ መስኮቱ ዞራ «አንድም» አለችኝ። የሟች ጓደኛዬ ባለቤት ያላትን ሁሉ ይዛ ትቀመጥ ዘንድ የምንመክርበትን ፋብሪካ፣ አዳኙ ራሱ አንዲት አክሲዮን ሳይዝበት ሊያድነው መነሣቱ ትልቅ የመንፈስ ልዕልና መሆኑን አልክድም። ሆኖም ምዝገባው እስከ ጉባኤው ዋዜማ ክፍት ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቦታ ይዤልዎታለሁ። ሲመጡ ይጠይቁኝ፤ ከኋላዬ ነዎት።